የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው? እውነት ወይስ ተረት?

«ዘ ባስኬት ኦፍ ኦሬንጅስ አር ሄቪ» ብሎ የጻፈ ተማሪ «አር» ተሰርዞ «ኢዝ» ይጻፍለታል። ለምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ሁለተኛ ደረጃ ገብቶ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ባለቤቱን የሳተ አንባቢ የጥያቄውንም ሐሳብ ይስታል። ስለዚህ በባለቤት ዙሪያ የሚነገሩትን ተረቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ ባለቤቱ ከግሡ ጎን ያለው ስም ነው።

እውነት፦ እንግሊዝኛ ሁለት ነገር ይለያል። ሲምፕል ሰብጀክት የሚባለው ዋናው ስም ብቻ ነው፤ ኮምፕሊት ሰብጀክት ደግሞ ያው ስም ከነገላጮቹ። በምሳሌያችን ኮምፕሊት ሰብጀክቱ «ዘ ባስኬት ኦፍ ኦሬንጅስ» ሲሆን ሲምፕል ሰብጀክቱ «ባስኬት» ብቻ ነው። ግሡ የሚስማማው ከዚህ ከአንዱ ቃል ጋር ነው። ብርቱካኖቹ ብዙ ቢሆኑም ቅርጫቱ አንድ ነውና «ኢዝ» ይባላል።

ተማሪው ለምን ተሳሳተ? የአማርኛ ልማዱ መርቶት ነው። እኛ «የብርቱካኑ ቅርጫት ከባድ ነው» ስንል ገላጩ ይቀድማል፤ ዋናው ስም ከሐረጉ መጨረሻ ይቀመጣል። «አበባ የምትሸጠው ልጅ እህቴ ናት» ስንልም «ልጅ» የሚለው ስም የመጣው ከገላጩ በኋላ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ዘ ገርል ሁ ሴልስ ፍላወርስ ኢዝ ማይ ሲስተር» ብሎ ዋናውን ስም ያስቀድማል፣ ይህን መሰሉን ረጅም ገላጭ ያስከትላል። የሐረጉን የመጨረሻ ስም መያዝ በአማርኛ ያዋጣል፤ በእንግሊዝኛ ልጅቷን ትቶ አበባውን፣ ቅርጫቱን ትቶ ብርቱካኑን ያስይዛል።

ተረት 2፦ ሲምፕል ሰብጀክት ምንጊዜም አንድ ቃል ነው።

እውነት፦ የተጸውዖ ስም አይከፈልም። «ኃይሌ ገብረሥላሴ ወን ጎልድ ኢን ሲድኒ» በሚለው ውስጥ ሲምፕል ሰብጀክቱ ሙሉ ስሙ ነው። «አልማዝ ኤንድ ከበደ አር ፍሬንድስ» ሲባል ደግሞ ሁለቱም ባለቤቶች ናቸው። ገላጭ ከሌለ ሲምፕሉና ኮምፕሊቱ አንድ ይሆናሉ፤ «በርድስ ፍላይ» ለዚህ ምሳሌ ነው።

ተረት 3፦ ባለቤቱ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ይገኛል።

እውነት፦ «ዜር አር ቱ ቡክስ ኦን ዘ ቴብል» ውስጥ «ዜር» ቦታ ያዥ ነው። «አር» የተባለው ከግሡ በኋላ ለመጣው «ቡክስ» ነው።

ተረት 4፦ «ክሎዝ ዘ ዶር» ባለቤት የለውም።

እውነት፦ አለው፤ ያልተጻፈው «ዩ» ነው። አማርኛ «ዝጋ»፣ «ዝጊ»፣ «ዝጉ» እያለ ባለቤቱን በግሡ ላይ ያሳያል። ከትእዛዝ ውጭ ግን እንግሊዝኛ ባለቤቱ እንዲጠራ ይፈልጋል። እኛ «መጣ» ብለን ብንጨርስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እነሱ «ሂ ኬም» ማለት አለባቸው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ግሡን ያግኙና «ማን?» ወይም «ምን?» ብለው ይጠይቁ፤ የመልሱ ሙሉ ሐረግ ኮምፕሊት ሰብጀክቱ ነው። ከዚያ በ«ኦፍ»፣ በ«ዊዝ» ወይም በ«ሁ» የሚጀምረውን ገላጭ ይቁረጡ፤ «ዘ»ንና ቅጽሎቹንም ያውጡ። የቀረው ሲምፕል ሰብጀክቱ ነው። በ«ኢች ኦፍ ዘ ስቱደንትስ ሃዝ ኤ ቡክ» ይሞክሩት። ከ«ኦፍ» ጀምሮ ሲቆረጥ «ኢች» ብቻውን ይቀራል፤ ተማሪዎቹ ስንትም ቢሆኑ «ሃቭ» ሳይሆን «ሃዝ» የተባለው ለእሱ ነው።

መምህራንም ወላጆችም፣ «አር» የሚለውን ከመሰረዛችሁ በፊት «ባስኬት» ከሚለው ቃል ሥር አስምሩበት። ልጁ ያን ጊዜ የሚያየው ስሕተቱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ነው።