ከኮሙኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ የሂሳብ ኮርሶች ቅደም ተከተል ለምን አስቀድሞ ሊታቀድ ይገባል?

በዲቪ ዕድል ወይም በቤተሰብ ጥሪ ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ከሆኑት በሮች አንዱ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ነው። ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ክፍያው ዝቅ ባለው በዚህ ኮሌጅ ይማራል፤ ከዚያም ያገኘውን ክሬዲት ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ በመዘዋወር በቀሪዎቹ ሁለት ዓመታት የመጀመሪያ ዲግሪውን ያጠናቅቃል። በወረቀት ላይ ሁለት ሲደመር ሁለት አራት ነው። በተግባር ግን አምስትና ስድስት ዓመት የሚፈጅባቸው ብዙዎች ናቸው።

የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት ተቋም እ.ኤ.አ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ ከ2004 እስከ 2009 ከተቋም ወደ ተቋም የተዘዋወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ክሬዲት ማጣት ማለት ተከፍሎበትና ተለፍቶበት የታለፈ ኮርስ በአዲሱ ተቋም ሳይቆጠር መቅረት ነው። ምሕንድስናን፣ ኮምፒውተር ሳይንስንና ፊዚክስን ለሚመርጡ ተማሪዎች ደግሞ ጊዜን በዋናነት የሚወስነው የሂሳብ ትምህርት ቅደም ተከተል ነው።

አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም

የሂሳብ ኮርሶች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ከአልጀብራ ቀጥሎ ትሪጎኖሜትሪን የሚያካትተው ቅድመ ካልኩለስ፣ ከዚያም ካልኩለስ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ይመጣሉ። ሊኒየር አልጀብራና ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን የሚባሉት ኮርሶች አብዛኛውን ጊዜ ከካልኩለስ ሁለት በኋላ የሚወሰዱ ናቸው። መሬቱ ሳይታረስና ሳይለሰልስ ጤፍ እንደማይዘራ ሁሉ ቀዳሚውን ኮርስ ሳያልፉ ለቀጣዩ መመዝገብ አይቻልም።

ሁለት የምሕንድስና ተማሪዎችን እናነጻጽር። አንደኛው ትምህርቱን የሚጀምረው በካልኩለስ አንድ ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ካልኩለስ ሁለትን፣ በሦስተኛው ካልኩለስ ሦስትን ከሊኒየር አልጀብራ ጋር፣ በአራተኛው ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንን ወስዶ በሁለት ዓመት ይጨርሳል። ሁለተኛው ከአልጀብራ ይጀምራል። እርሱ ከካልኩለስ አንድ የሚደርሰው በሦስተኛው ሴሚስተር በመሆኑ ሰንሰለቱ ስድስት ሴሚስተር ወይም ሦስት ዓመት ይወስድበታል።

መዘግየቱ በሂሳብ ብቻ አይቆምም። ለምሕንድስና የሚያስፈልገው የፊዚክስ ትምህርት ካልኩለስን ስለሚጠይቅ ሂሳቡ ሲዘገይ ፊዚክሱም አብሮ ይዘገያል። የመጀመሪያው ተማሪም ቢሆን ትርፍ ጊዜ የለውም፤ አንድ ኮርስ ቢወድቅ ዕቅዱ በአንድ ሴሚስተር ይገፋል። በርካታ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ተዘዋዋሪ ተማሪ የሚቀበሉት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በነሐሴና በመስከረም ለሚጀምረው ትምህርት ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ሴሚስተር መዘግየት የአንድ ዓመት ወጪ ሊሆን ይችላል።

ይህ በገንዘብ ድጋፍም ላይ ጫና አለው። ፔል ግራንት በሚል የሚታወቀው፣ ግሪን ካርድ ያላቸው አነስተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎችም የሚያገኙት የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው ከ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተሮች ላልበለጠ ጊዜ ነው። በማያስፈልግ ኮርስ ላይ የዋለ ሴሚስተር ከዚሁ ላይ ይቀነሳል።

ዕቅዱ ከመጨረሻው ይጀምራል

ስለሆነም ተማሪው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ኮሌጁ ምን ኮርስ እንደሚሰጥ ሳይሆን ሊገባበት ያሰበው ዩኒቨርሲቲ ለመረጠው የትምህርት ክፍል ምን እንደሚጠይቅ ነው። ምሕንድስና ሙሉውን የካልኩለስ ሰንሰለት ይፈልጋል። ለቢዝነስ ብዙ ጊዜ አንድ የካልኩለስ ኮርስና ስታትስቲክስ ይበቃል። ለነርሲንግና ለማኅበራዊ ሳይንስ በአብዛኛው የሚጠየቀው ስታትስቲክስ ነው። ለቢዝነስ ተማሪዎች የተዘጋጀው አጭሩ ካልኩለስ ግን ለምሕንድስና አይቆጠርም፤ ሐሳቡን የቀየረ ተማሪ ከካልኩለስ አንድ እንደ አዲስ ይጀምራል።

በካሊፎርኒያ አሲስት፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ትራንስፈር ቨርጂኒያ የተባሉት የመረጃ ቋቶች የትኛው የኮሌጅ ኮርስ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ በምን እንደሚቆጠር ያለ ክፍያ ያሳያሉ። ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ምዝገባ በፊት አይቶ ከኮሌጁ የዝውውር አማካሪ ጋር መነጋገር ይገባል።

የካልኩለስ ሰንሰለትን በአንድ ተቋም መጨረስም ይመከራል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ዓመቱን በሁለት ሴሚስተር ሳይሆን በሦስት አጫጭር የትምህርት ዘመናት ስለሚከፍሉ የኮርሶቹ ይዘት አከፋፈል ይለያያል፤ መሐል ላይ የተዘዋወረ ተማሪ አንዱን ርዕስ ሁለት ጊዜ ሲማር ሌላው ሊያመልጠው ይችላል። ውጤትም ወሳኝ ነው፤ ለዝውውር የሚቆጠረው በአብዛኛው ሲ እና ከዚያ በላይ የተገኘበት ኮርስ ነው።

የመነሻ ደረጃና ከአገር ቤት የሚላክ ሰነድ

በኢትዮጵያ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በ12ኛ ክፍል የካልኩለስን መግቢያ ይማራሉ። ይህን የተማረ ወጣት ዕውቀቱን ካስመሰከረ ከአልጀብራ እንዲጀምር የሚያስገድድ ምክንያት ላይኖር ይችላል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ በ2017 ባጸደቀችው ሕግ ኮሌጆች ተማሪዎችን ያለበቂ ምክንያት ክሬዲቱ ወደማይዛወር ማካካሻ ትምህርት እንዳይመድቡ ገድባለች። በሌሎች ግዛቶች ደረጃውን የሚወስነው የምደባ ፈተና ሊሆን ይችላል። ፈተናው ቀላል መስሎ ሳይዘጋጁ የሚቀመጡ ተማሪዎች ከአቅማቸው በታች ይመደባሉ፤ ስለዚህ አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪን ከልሶ መቅረብ አንድ ዓመት ሊያተርፍ ይችላል። በአንጻሩ ከትምህርት ለዓመታት የራቀ ሰው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መጀመሩ ወድቆ ከመድገም ይሻለዋል።

አገር ቤት ያለው ቤተሰብ የሚያግዘውም እዚህ ላይ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ተማሪው ከመሄዱ በፊት ተሟልቶና ተረጋግጦ መያዝ አለበት። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ከሆነ ትራንስክሪፕቱ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ለምሳሌ በምሕንድስና ትምህርት አፕላይድ ማቴማቲክስ አንድ የሚባለው ኮርስ ከቬክተርና ከማትሪክስ በተጨማሪ የካልኩለስ ይዘት አለው፤ ስሙ ግን ካልኩለስ አይደለም። ስሙን ብቻ የሚያይ ገምጋሚ ሊያልፈው ይችላል። ኮርሱ በየምዕራፉ ምን እንደሚያስተምር የሚገልጸውን ዝርዝር ከትምህርት ክፍሉ አስወጥቶ መላክ ለሁለተኛ ጊዜ ከመክፈልና ከመማር ሊያድን ይችላል።

በአጠቃላይ የሚዘዋወር ተማሪ ከመጀመሪያው ምዝገባ በፊት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ሊይዝ ይገባል፦ የሚደርስበትን የትምህርት ክፍል፣ የሚጀምርበትን የሂሳብ ደረጃና በመካከላቸው ያሉትን ኮርሶች በየሴሚስተሩ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ ለአማካሪው ማሳየት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሳይታቀድ የተጀመረ ትምህርት ግን ዓመታትን ያስከፍላል።