የባለ ገመድ ኔትወርክ ግንኙነት ብልሽት

የባለ ገመድ ኔትወርክ ግንኙነት ብልሽት ማለት የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በኢተርኔት ኬብል ከራውተር ወይም ከስዊች ጋር መገናኘት ሲያቅተው፣ ወይም ተገናኝቶም መረጃ መላክና መቀበል ሳይችል ሲቀር የሚፈጠር ችግር ነው። መንስኤው ኬብሉ፣ የኮምፒዩተሩ የኔትወርክ ካርድ፣ ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር፣ የአይፒ አድራሻው ወይም ከኮምፒዩተሩ ውጪ ያለ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ተጠቃሚው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ኢንተርኔት የለም የሚል መልእክት። ከዚህ የተነሣ መንስኤው ሳይለይ ኮምፒዩተሩን ፎርማት ማድረግ የተለመደ ስሕተት ሆኗል። ፎርማት የተበጠሰ ኬብልን አይጠግንም። ይልቁንም በዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል ሊያጠፋ፣ ደህና ይሠራ የነበረውን የካርዱን ድራይቨርም አብሮ ሊያስወግድ ይችላል።

አጭር ታሪክ

ኢተርኔት በ1973 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ተፀነሰ። ከፈጣሪዎቹ መካከል ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ ይገኙበታል። በ1983 እ.ኤ.አ. የአይ ትሪፕል ኢ 802.3 ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም ኮምፒዩተሮች አንድ ኮአክሲያል ኬብል ይጋሩ ስለነበር ኬብሉ አንድ ቦታ ላይ ሲቋረጥ በዚያ መስመር ያሉት ሁሉ ይቋረጡ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. በጸደቀው አሥር ቤዝ ቲ በተባለው አሠራር ግን እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱን ባለ ጥንድ ሽቦ ኬብል አገኘ። ዛሬ አንድ ኬብል ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ለፍተሻም ይጠቅማል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ከዚሁ ራውተር ወይም ስዊች ጋር የተያያዙት ሌሎቹ ይሠራሉ ወይ?» የሚለው ነው። ሁሉም ከተቋረጡ ችግሩን በአንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። አንዱ ብቻ ከተቋረጠ ግን ፍተሻው ከኬብሉ ይጀመራል።

የፖርቱ መብራቶች

በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ጀርባ ላይ ኬብሉ የሚሰካበት ፖርት አጠገብ ትንንሽ መብራቶች አሉ። በስዊቹና በራውተሩ በኩልም እንዲሁ። መብራቱ ከበራ ሁለቱ መሣሪያዎች በኤሌክትሪክ ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ ብልጭ ድርግም ማለቱ ደግሞ መረጃ እያለፈ መሆኑን ያሳያል። ኮምፒዩተሩ በርቶ ሳለ መብራቱ ጭራሽ ካልበራ ስለ አይፒ አድራሻ ማሰብ ገና ነው። ኬብሉን በሚሠራ ሌላ ኬብል መለወጥ፣ ቀጥሎም በስዊቹ ላይ ወደ ሌላ ፖርት ማዛወር ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ግን ብዙ ጥርጣሬ የሚያስወግድ ሙከራ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ አብረው ከተለወጡ የትኛው እንደተበላሸ አይታወቅም።

ኬብሉ

የኢተርኔት ኬብል ውስጥ በአራት ጥንድ የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ጥምዘዛው ለጌጥ አይደለም፤ አንዱ ጥንድ የሌላውን ምልክት እንዳይረብሽ የሚያደርገው እሱ ነው። በኬብሉ ጫፍ ላይ አር ጄ 45 በሚል ስም የሚታወቀው ግልጽ የፕላስቲክ ኮኔክተር ይታሰራል። በስፋት ከሚሠራባቸው ሁለት የቀለም ቅደም ተከተሎች አንዱ፣ ቲ 568 ቢ የሚባለው፣ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ቀለሞቹን በቀላል መንገድ፣ ጥንድ በጥንድ እያስከተሉ፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት አድርገው ያስራሉ። በርካሽ መፈተሻ ሲታይ ስምንቱም መብራት በተርታ ስለሚበራ ኬብሉ ጤነኛ ይመስላል። ሦስተኛውና ስድስተኛው ሽቦ ግን ከአንድ ጥንድ መሆን ሲገባቸው ከተለያዩ ጥንዶች ስለተወሰዱ ጥምዘዛው ጥቅም አይሰጥም። ውጤቱ በአጭር ኬብል ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ በረጅም ኬብል ላይ ግን ግንኙነቱ ይቆራረጣል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ለመለየት ከሚያስቸግሩት ብልሽቶች አንዱ ይህ ነው፤ መፈተሻው ደህና ነው ያለውን ኬብል የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነውና።

ሌላው የፍጥነት ጉዳይ ነው። 10 እና 100 ሜጋቢት በሰከንድ የሚያስተላልፈው ኢተርኔት የሚጠቀመው በሁለት ጥንዶች ብቻ ነው፤ እነሱም በ1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛና 6ኛ እግር ላይ ያሉት ናቸው። 1000 ሜጋቢት ወይም ጊጋቢት የሚባለው ግን አራቱንም ይፈልጋል። ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ሲቋረጥ አንዳንድ ካርዶች ራሳቸውን ወደ 100 ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሌሎቹ እየተገናኙ እየተቋረጡ ይቀጥላሉ። በጊጋቢት ስዊች ላይ የተሰካ የጊጋቢት ካርድ ፍጥነቱን 100 ብሎ ካሳየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው።

በመዳብ ኬብል አንድ መስመር ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ከሙሉ መዳብ ይልቅ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የተሠራባቸው ርካሽ ኬብሎች ደግሞ ሲታጠፉ ቶሎ ይሰበራሉ። ከሁሉም በላይ የሚያታልለው ግን የኮኔክተሯ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ስትሰበር ነው፤ ኬብሉ የተሰካ መስሎ በግማሽ ይወጣል፣ ወንበር ሲነካው ይሠራል፣ እንደገና ሲነካው ይጠፋል።

ካርዱና ድራይቨሩ

በሚሠራ ኬብልና በሚሠራ ፖርት መብራቱ አልበራ ካለ ጥርጣሬው ወደ ኔትወርክ ካርዱ ይዞራል። በዛሬዎቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ካርዱ ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ የተሠራ ነው። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ስሙ ከታየ ሲስተሙ አውቆታል፤ ቢጫ ምልክት ካለበት ድራይቨሩ ጎድሏል ወይም ተበላሽቷል። ጭራሹን ካልታየ በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ እንደሆነ ይታያል።

አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ የሚገጥመው ችግር አዙሪት አለው፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። መፍትሔው በሌላ ኮምፒዩተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት፣ ወይም ስልክን በዩኤስቢ ኬብል ሰክቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው በተጫኑበት ኮምፒዩተር ደግሞ አንደኛው ሲጠፋ ካርዱን አንቀላፍቶ ሊተወውና ሌላኛው ሳያነቃው ሊቀር ይችላል። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ የኃይል ገመዱን ነቅሎ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ አንዳንድ ጊዜ ይህን ይፈታል።

አይፒ አድራሻ

መብራቱ በርቶ ኢንተርኔት ከሌለ ቀጥሎ የሚታየው አይፒ አድራሻው ነው። አድራሻውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያድለው በራውተሩ ውስጥ ያለው ዲ ኤች ሲ ፒ የተባለ አገልግሎት ነው። ኮምፒዩተሩ ጠይቆ መልስ ካጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ይህን አድራሻ ማየት ዲ ኤች ሲ ፒው አልመለሰም ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ በሚመጣበት ቦታ አንዱ ምክንያት ኮምፒዩተሩ ራውተሩ ሳይነሣ ቀድሞ መነሣቱ ነው። እንዲህ ሲሆን ኬብሉን ነቅሎ መልሶ መሰካት በቂ ነው፤ አዲስ ጥያቄ ያስልካል።

አድራሻ በእጅ በሚሞላባቸው ቢሮዎች ሁለት ኮምፒዩተሮች አንድ አድራሻ ይዘው ይጋጫሉ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይቋረጣል። በጋራ የኮምፒዩተር ክፍሎች ደግሞ አንድ ሰው የቤት ራውተር አምጥቶ ሲሰካ ራውተሩ ለማንም ለጠየቀው የራሱን አድራሻ ማደል ይጀምራል። ትክክለኛውን አድራሻ ቀድመው የያዙት ሲሠሩ አዲስ የሚነሡት ይቋረጣሉ። አድራሻ አላቸው፣ መብራቱም በርቷል፤ መውጫው ግን የተሳሳተ ነው።

የት ላይ እንደተቋረጠ ለማወቅ ፒንግ የተባለው ትእዛዝ ይረዳል። መጀመሪያ ወደ 127.0.0.1፣ ቀጥሎ ወደ ራውተሩ አድራሻ፣ ከዚያ ወደ ውጭ አድራሻ ለምሳሌ 8.8.8.8፣ በመጨረሻም ወደ አንድ ድረ ገጽ ስም ይላካል። በቁጥር ሠርቶ በስም ካልሠራ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር በሚለውጠው ዲ ኤን ኤስ ላይ ነው። አንዳንድ ፋየርዎል ፒንግን ስለሚከለክል የአንድ አድራሻ ዝምታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ኔትወርክ የሚመስል ግን ያልሆነ

በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ብዙ ጊዜ ሲ አር 2032 የምትባለው፣ ስትደክም ኮምፒዩተሩ ከኃይል በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የደኅንነት ሰርተፊኬት ከዚህ ቀን ጋር ስለሚነጻጸር ብራውዘሩ ገጾቹን አልከፍትም ይላል። ፒንግ ይሠራል፣ ኬብሉም ደህና ነው። ቀኑን ማስተካከል ለጊዜው ይበቃል፤ ባትሪዋ ካልተለወጠች ግን ይደገማል።

የተዞረ ኬብል

የአንድ ኬብል ሁለቱም ጫፎች በአንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ፣ ወይም ሁለት ስዊቾች በሁለት ኬብሎች ከተያያዙ፣ ለሁሉም የሚላኩ መልእክቶች መውጫ አጥተው ይዞራሉ። በየዙሩ ስለሚባዙ በሰከንዶች ውስጥ ኔትወርኩን ያጨናንቁታል። ምልክቱ የሁሉም ፖርት መብራቶች በአንድነት በፍጥነት መብረቅረቅ ነው። ይህን ለመከላከል ራድያ ፐርልማን በ1985 እ.ኤ.አ. ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን ስልት ፈጥራለች፤ ርካሽ ስዊቾች ግን ብዙ ጊዜ የላቸውም። በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በኮምፒዩተር ስለሚሰጥ በፈተና ክፍል ውስጥ አንድ የተዞረ ኬብል ክፍሉን በሙሉ ሊያስቆም ይችላል። ኬብሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መብራቱ የሚረጋበትን ማግኘት ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ለዚህም እያንዳንዱ ኬብል በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ቢጻፍበት ሥራው በጣም ይቀላል።

መብረቅ

በዝናብ ወቅት በስልክ መስመር በኩል የሚገባ ከፍተኛ ኃይል በራውተሩ አልፎ በኢተርኔት ኬብል እስከ ማዘርቦርዱ ይደርሳል። ካርዱ ተቃጥሎ ቀሪው ኮምፒዩተር ጤነኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ሲሆን ማዘርቦርዱን መለወጥ ግድ አይደለም፤ በማስፋፊያ ቀዳዳ የሚገባ ካርድ ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ የኢተርኔት አስማሚ በጣም ባነሰ ዋጋ ይተካዋል። ነጎድጓድ ሲቃረብ የኃይል ገመዱን ብቻ መንቀል ስለማይበቃ የስልክ መስመሩና የኔትወርክ ኬብሉም አብረው ይነቀላሉ። መብረቁ ከጀመረ በኋላ ግን ገመዶቹን በእጅ መንካት ለሰውም አደገኛ ነው።