ሞፈርና ቀንበር ክረምት ሳይገባ ይታያል

በረዶ በሚበዛባቸው የሰሜን አሜሪካ ክፍሎች አሮጌ የአትክልት ቦታ ትራክተር ያለው ሰው ብርዱ ሳይገባ ዘይቱን ይለውጣል፤ በጎማው ላይ ሰንሰለት ያስራል፤ ከፊቱም የበረዶ መጥረጊያ ይገጥማል። በምሥራቅ ጎጃም፣ በጉንደ ወይን፣ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ የሚጎትተውም ጥማድ በሬ ነው። የዝግጅቱ ምክንያት ግን አንድ ነው።

ማረሻው የዶለዶመ እንደ ሆነ ወደ ቀጥቃጭ ተወስዶ ይሳላል። ሞፈሩ መሰንጠቁ፣ ድግሩ መበላቱ፣ ወገሉ መላላቱ ይታያል። የደረቀው ምራን በቅባት ታሽቶ ይለሰልሳል። ቀንበሩም የበሬውን ጫንቃ እንዳያቆስል ሸካራው ይላጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ነገር አይደለም። ማረሻ በትልምና በትልም መካከል ያልታረሰ መሬት ስለሚተው ገበሬው ተመልሶ አግድም ያርሳል፤ ጤፍም ተደጋግሞ የታረሰ ማሳ ይፈልጋል። ዋልካው መሬት ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ውሃ ሲጠግብ ደግሞ ይጣበቃል። ለእርሻ የሚመቹት በመካከሉ ያሉት ጥቂት ቀኖች ናቸው።

በነዚያ ቀኖች ሞፈር የተሰበረበት ገበሬ እንጨት ፍለጋ ሲዞር የጎረቤቱ ማሳ ይታረሳል፤ የእርሱ ግን አረም ያበቅላል። ዕቃን በግንቦት ማደስ ትንሽ ሥራ ነው፤ ወደ ሐምሌ ያቆዩት እንደ ሆነ ግን የዓመት ቀለብ ሊያሳጣ ይችላል።