ባሕሩ ሲሸሽ የሚቀሩት ዓሦች

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በድንጋያማው የፓስፊክ ዳርቻ፣ የባሕሩ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ በአለቶቹ ስንጥቅና ጎድጓዳ ሥፍራ ኩሬዎች ትቶ ይሄዳል። አንዳንዶቹ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ አይሰፉም። ባዶ ግን አይደሉም። ጎንበስ ብሎ ለታገሠ ሰው፣ ጠጠር የመሰለው ነገር ድንገት ተፈናጥሮ ከአልጌው ሥር ሲገባ ይታያል። ዓሣ ነው። ይህ ዓሣና ጎረቤቶቹ ከወር ወይም ከዓመታት በኋላ እዚያው ይገኙ ይሆን?

ኩሬው ራሱ በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል። ቀን ፀሐይ ውኃውን ታሞቀዋለች፤ አልጌዎቹም በብርሃኗ ምግባቸውን ሲያዘጋጁ ኦክስጅን ይለቃሉ። ሌሊት እነዚያው አልጌዎች ኦክስጅኑን መልሰው ይጠቀሙበታል። ዝናብ ከጣለ ጨውነቱ ይቀንሳል። ይህን ችለው የሚኖሩት ነዋሪዎች ትንንሾች ናቸው፤ እንደ አካባቢው አለት ዝንጉርጉር፣ ከወለሉ ጋር ተጣብቀው የሚውሉ። ስከልፒን ከሚባሉት ዓሦች መካከል ኦክስጅን ሲያንስ ከውኃው ብቅ ብለው አየር የሚተነፍሱ አሉ። ሌሎች ዓሦች ግን እንግዶች ናቸው። ለምሳሌ ኦፓልአይ የሚባለው ዓሣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ኩሬዎች የሚያሳልፈው የልጅነቱን ጊዜ ነው፤ ሲጎለምስ ወደ ባሕሩ ይወርዳል።

ስለዚህ የዓሦቹ ቁጥር በየወቅቱ ይወጣል ይወርዳል። ብዙዎቹ ዝርያዎች እጭ ሳሉ በባሕሩ ላይ ተንሳፍፈው ይቆዩና ወደ ዳርቻው ይመለሳሉ። አዳዲሶቹ ሲሰፍሩ ኩሬው በትንንሽ ዓሦች ይሞላል፤ በኋላ ሞትና የክረምቱ ወጀብ ያሳሳቸዋል። አንድ ሰው አዳዲሶቹ በሚሰፍሩበት ወቅት፣ ሌላው ደግሞ በክረምት ያንኑ ኩሬ ቢቆጥሩ ሁለት የተለያየ ዝርዝር ይዘው ይመለሳሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በአንድ ጊዜ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ «ዓሦቹ አለቁ» ወይም «በረከቱ» ማለት ችኮላ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ መለዋወጥ በስተጀርባ የሚጸና ነገር አለ? የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ጋሪ ግሮስማን እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1981 በሰሜን ካሊፎርኒያው ዲለን ቢች ይህንኑ ጠየቀ። ያገኛቸውን ዓሦች እያወጣ ቆጠራቸው፤ ከጊዜ በኋላ ተመልሶ እንደገና አወጣ፣ እንደገና ቆጠረ። ባዶ የቀረው ሥፍራ በተደጋጋሚ በዓሣ ተሞላ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በብዛት የሚገኙት ዝርያዎች መልሰው እነዚያው መሆናቸው ነው፤ የብዛት ደረጃቸውም በአመዛኙ አልተለወጠም። ግለሰቦቹ ሄዱ፣ ማኅበረሰቡ ግን ተመለሰ።

መመለሱ በአንድ በኩል የእጮቹ፣ በሌላ በኩል የጎልማሶቹ ሥራ ነው። ከስከልፒኖች አንዱ፣ በኩሬ ነዋሪነቱ የታወቀው፣ ከኩሬው ተወስዶ ወደ 100 ሜትር ያህል ርቆ ቢለቀቅ እንኳ ቤቱን ፈልጎ ሊመለስ ይችላል። በ1970ዎቹ በተደረገ ሙከራ ማሽተት የተከለከሉት ዓሦች መመለስ ሲቸግራቸው፣ ማየት የተከለከሉት ግን የተሻለ ተመልሰዋል፤ ዋናው መሪያቸው አፍንጫ ነው ማለት ነው። በባሃማስ ደግሞ ተመራማሪው ሌስተር አሮንሰን ጎቢ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ አጥንቷል። ይህ ዓሣ ባሕሩ ሲሞላ በአለቶቹ ላይ እየዋኘ የጎድጓዶቹን አቀማመጥ ያጠናል፤ ባሕሩ ሲሸሽና ጠላት ሲመጣበት፣ ከነበረበት ሆኖ ወደማያየው ቀጣዩ ኩሬ ዘሎ ይገባል። ያጠናውን ከ40 ቀን በኋላም አይረሳም።

የዚህ ሁሉ ጽናት ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ከውጭ የሚመጡት እጮችና ጎረቤቶች እነዚያው መሆን አለባቸው። ባሕሩ ሲሞቅ ይህ ይናጋል። ከዲለን ቢች በስተደቡብ፣ በሞንተሬይ፣ አንድ ተመራማሪ ከ1931 እስከ 1933 በዳርቻው አለት ላይ ያሉትን ቀንድ አውጣዎችና ሌሎች አከርካሪ አልባ እንስሳት ቆጥሮ፣ የቆጠረበትን መስመር በናስ ብሎኖች ምልክት አድርጎበት ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ብሎኖቹን ፈልገው አገኙና በዚያው መስመር ቆጠሩ። የዳርቻው ውኃ አማካይ ሙቀት በ0.75 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል፤ ከ9 የደቡብ ዝርያዎች 8ቱ በዝተዋል፣ ከ8 የሰሜን ዝርያዎች 5ቱ ቀንሰዋል። ይህ ጥናት የዓሣ አይደለም፤ ዓሣ ክንፍ አለውና ብሎን አጠገብ ቆሞ አይጠብቅም። የዓሦቹን ለውጥ ለመያዝ በአንድ ኩሬ፣ በአንድ ወቅት፣ በተመሳሳይ የባሕር ሽሽት ዓመት ከዓመት መመላለስ ያስፈልጋል። ግሮስማን ባዶ ያደረገው ዓይነት ኩሬ በሞቀ ባሕር አጠገብም ተመልሶ መሙላቱ አይቀርም። ማን እንደሚሞላው የሚወሰነው ግን እጮቹ ገና ከአለቱ ሳይደርሱ፣ በተንሳፈፉበት ውኃ ውስጥ ነው።