ጭራቅ በልጆች የሥዕል መጽሔት



ልጅ አልተኛም ብሎ ሲያስቸግር «አያ ጅቦ መጣልህ» ማለት ከእናቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። በቃል ስናስፈራራበት ምንም አይመስለንም፤ አስፈሪ ፍጡር በመጽሔት ላይ ተሥሎ ከልጃችን እጅ ስናገኘው ግን እንደነግጣለን። ይህን የመሰለ ድንጋጤ በባሕር ማዶ ሕግ እስከ ማስወጣት ደርሶ ስለ ነበረ፥ ነገሩ ከምን ተነሥቶ ከምን እንደ ደረሰ ለወላጆች ማስረዳት ጠቃሚ መስሎ ታይቶናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኮሚክ» የሚባለው ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል የሚያሳይ፥ የተናጋሪውም ቃል ከራሱ በላይ በክብ መስመር ውስጥ የሚጻፍበት መጽሔት ነው። በአሜሪካ በ1950 ገደማ ዋጋው 10 ሳንቲም ብቻ ስለ ነበረ ማናቸውም ልጅ ይገዛው ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ከመቃብር የተነሣ ሬሳና ደም መጣጭ ጭራቅ የሚያሳዩ መጽሔቶች በዙ። በ1954 ፍሬድሪክ ዌርታም የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል የሚል መጽሐፍ አወጡ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር የአሜሪካ ሴኔት መርማሪ ኮሚቴ በኒውዮርክ ተሰብስቦ፥ ዊልያም ጌይንስ የተባሉትን አሳታሚ ጠየቀ። ሴናተር ኪፎቨርም አንድ ሰው ደም የነካው መጥረቢያና የተቆረጠ የሴት ራስ ይዞ የሚታይበትን ሽፋን አንሥተው፥ «ይህ ለዓይን የተገባ ነውን?» በሚል መንፈስ ቢጠይቋቸው፥ አሳታሚው ለአስፈሪ መጽሔት ሽፋን ከሆነስ የተገባ ነው ሲሉ መለሱ። ከከሳሾቻቸው ክርክር ሁሉ ይልቅ ይህ መልስ ሳይጎዳቸው አልቀረም።

አሳታሚዎቹ መንግሥት ሕግ ሳያወጣባቸው ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው፥ በኦክቶበር ወር 1954 ደንብ አወጡ። ደም መጣጭ፥ ሬሳ በላ፥ ወደ ተኩላነት የሚለወጥ ሰውና ከሞት ተነሥቶ የሚሄድ በድን በሥዕል እንዳይታዩ ተከለከለ። የማኅበሩ ማኅተም የሌለበትንም መጽሔት ብዙ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉ። ደንቡ በ1971 ከላላ በኋላ በ2011 ፈጽሞ ተተወ።

በስኮትላንድ የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ አስገራሚ ነው። በሴፕቴምበር 23 ቀን 1954 ምሽት በግላስጎው ከተማ ጎርባልስ በሚባለው ሰፈር በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ዱላና ቢላዋ ይዘው ወደ መካነ መቃብር ጎረፉ። የብረት ጥርስ ያለው ጭራቅ ሁለት ልጆች በልቷል፥ እንገድለዋለን አሉ። በአካባቢው የነበረው የብረት ማቅለጫ እሳትም ሰማዩን ያቀላው ስለ ነበር ፍርሃታቸውን አባባሰው። ፖሊስ ቢመጣ የጠፋ ልጅ አልተገኘም። ታላላቆች ሁሉ «የአሜሪካ ኮሚክ ያመጣው ነው» አሉና፥ በ1955 የእንግሊዝ ፓርላማ ለልጆች ጎጂ የሆኑ የሥዕል ኅትመቶችን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በኋላ ከመረመሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ግን የብረት ጥርስ ያለው ጭራቅ በዚያ ዘመን ኮሚኮች ውስጥ አላገኘንም ብለዋል። የብረት ጥርስ ያላት አስፈሪ ሴት በስኮትላንድ የቆየ ግጥም ውስጥ አለች፤ የብረት ጥርስ ያለው አውሬም በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 7 ይገኛል። እንግዲህ ልጆቹ ከመጽሔት ይልቅ ከትምህርት ቤትና ከሰንበት ትምህርት ሰምተውት እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

የዶክተር ዌርታምም ማስረጃ ሲመረመር ጽኑ ሆኖ አልተገኘም። ካሮል ቲሊ የተባሉ ምሁር የሐኪሙን የግል መዛግብት አገላብጠው፥ የልጆቹ ቃል ተለውጦና ተጋኖ እንደ ቀረበ በ2012 ጽፈው አስረድተዋል። ሆኖም ሐኪሙን በክፉ ብቻ ማንሣት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ በኒውዮርክ በሃርለም ሰፈር ለጥቁሮች ድኆች ክሊኒክ ከፍተው ያከሙ ሰው ነበሩና።

ክልከላው ግን ጭራቅን ከልጆች ዓለም አላስወጣውም፤ ጠባዩን ለወጠው እንጂ። ሃርቪ የተባለው አሳታሚ ቀድሞ አስፈሪ መጽሔት ያሳትም ነበር፤ ከ1952 ጀምሮ ግን የካስፐርን ታሪክ ያወጣ ጀመር። ካስፐር በ1945 በፊልም የታየ፥ ወዳጅ የሚፈልግ ትንሽ የሙት መንፈስ ነው። አጎቶቹ ሰውን ማስደንገጥ ሲወዱ እርሱ ሰላምታ ለመስጠት ይቀርባል፤ ሰውም አይቶት ይሸሻል፤ እርሱም ያዝናል። በዚህ ታሪክ የሚፈራው ሰው እንጂ የሚያስፈራ ጭራቅ የለም። በእኔ አስተያየት መጽሔቱ ጉዳት ባይኖረውም ጥቂት ልል ነው፤ ልጅ የሚፈራውን ነገር ሁሉ ከፊቱ አንሥቶበታልና።

የፊንላንዷ ሠዓሊና ደራሲ ቶቬ ያንሶን የያዙት መንገድ ከዚህ የጠለቀ ነው። ሙሚን የሚባሉት ፍጥረቶቻቸው ነጭ፥ ወፍራም፥ አፍንጫቸው እንደ ጉማሬ የሆነ ቤተ ሰብ ናቸው። የግላስጎው ልጆች መቃብር በወረሩበት በዚያው የሴፕቴምበር ወር 1954 ታሪካቸው በሥዕል በለንደኑ ኢቭኒንግ ኒውስ ጋዜጣ መውጣት ጀመረ። ጋዜጣው የአዋቂዎች ቢሆንም ታሪኩ ለልጅም ለአባትም የሚሆን ነበር።

በሙሚን መጻሕፍት ውስጥ ግሮክ የምትባል አስፈሪ ፍጡር አለች። ግዙፍና ዝምተኛ ናት፤ የተቀመጠችበት መሬት በብርድ ይደርቃል፤ ሙቀት ፈልጋ ወደ እሳት ብትጠጋ እሳቱ ይጠፋል። ደራሲዋ የግሮክን አስፈሪነት አላስቀሩትም፤ ብቸኝነቷን ግን ለልጁ ያሳዩታል። በ1965 በታተመው መጽሐፍ ትንሹ ሙሚን ሌሊት ሌሊት ፋኖስ ይዞ ወደ ባሕር ዳር እየወረደ ብርሃኑን ያሳያታል። አንድ ቀን ጋዙ አለቀና ፋኖስ ሳይይዝ ሄደ፤ እርስዋም እርሱን በማየቷ ብቻ ደስ ብሏት ጨፈረች፤ ከሄደችም በኋላ የቆመችበት አሸዋ አልቀዘቀዘም ነበር።