በጥራጥሬ የተደገፈ የፒዛ ሊጥ፦ ከሳንጃ ማዕድ ቤት አንጻር

መግቢያ

ፒዛ በኢትዮጵያ ከተሞች ከተለመዱት ምግቦች አንዱ ከሆነ ቆይቷል። በጾም ወራት «የጾም ፒዛ» ተብሎ ሲቀርብ አይቡና ሥጋው ይቀርና ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሌሎች አትክልቶች ብቻ በሊጡ ላይ ይደረደራሉ። አዘገጃጀቱ ከጾሙ ሥርዓት ጋር ይስማማል፤ በሥነ ምግብ ረገድ ግን ክፍተት ይተዋል። የፒዛው ዋና የፕሮቲን ምንጭ አይቡ ስለነበር፣ እርሱ ሲነሣ ቦታውን የሚይዝ ነገር የለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል እንደሚጾሙ ሲታሰብ ክፍተቱ ቀላል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጎደለው ፕሮቲን ከሊጡ ላይ ሳይሆን በሊጡ ውስጥ፣ በጥራጥሬ አማካይነት እንዴት ሊሞላ እንደሚችልና በምን ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ ማብራራት ነው።

የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሳንጃ ለዚህ ተስማሚ ምሳሌ ናት። አካባቢው ቆላማ ሲሆን ማሽላና ሰሊጥ በስፋት ይመረትበታል። ባቄላ የደጋ ሰብል ነው፤ ሽምብራም ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት በደንቢያና በመሳሰሉት ሜዳዎች ይበቅላል። ስለዚህ በሳንጃ የጥራጥሬ ሊጥ ማቡካት የቆላውን ሙቀትና የደጋውን እህል ማገናኘት ይሆናል።

ጥራጥሬ ለሊጡ የሚጨምረው

የስንዴ ዱቄት ከክብደቱ 11 በመቶ ያህል ፕሮቲን ሲኖረው ደረቅ ባቄላ 26 በመቶ ያህል አለው። ከ100 ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ 20 ግራሙ በባቄላ ዱቄት ቢተካ የድብልቁ ፕሮቲን ከ11 ግራም ወደ 14 ግራም ከፍ ይላል። ከመጠኑ ይልቅ ግን የሚበልጠው የጥራቱ ለውጥ ነው። ስንዴ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ በ100 ግራም የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ የሚገኘው ላይሲን 2.6 ግራም ገደማ ሲሆን በባቄላ ፕሮቲን ውስጥ ያለው ከ6 ግራም ይበልጣል። ከላይ በተጠቀሰው ድብልቅ ይህ ልክ ወደ 4 ግራም ይደርሳል፤ ለአዋቂ ሰው እንደ መለኪያ የሚወሰደው 4.5 ግራም ነው። በአንጻሩ ባቄላ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ስንዴው ያሟላል። የቆላው ዋና እህል የሆነው ማሽላ በላይሲን ከስንዴም የባሰ ድኻ በመሆኑ፣ ዘወትር ማሽላ ለሚመገብ ቤተሰብ የጥራጥሬው ጥቅም ይጎላል።

ሊጡ ለምን ይሰነጠቃል?

የስንዴ ሊጥ እንደ ልብ የሚለጠጠውና እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ ኩፍ የሚለው ሲታሽ ግሉተን የተባለ የፕሮቲን መረብ ስለሚፈጥር ነው። ጥራጥሬ ይህ መረብ የለውም። የጥራጥሬው ድርሻ በጨመረ ቁጥር መረቡ ይሳሳል፣ ሊጡ ሲዳመጥ ይቀደዳል፣ ሲጋገርም ይደነድናል። በቤት ውስጥ ሙከራ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ድርሻ ሊጡን ሳያበላሽ የሚሄድ አስተማማኝ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከተፈለገ አሠራሩ ራሱ መለወጥ አለበት። ለዚህም የአገር ቤት ባህል ትምህርት ይሰጣል፤ «የሽምብራ አሳ» የሚሠራው የሽምብራ ዱቄት ጠንከር ተደርጎ ከታሸ በኋላ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ እንጂ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሎ አይደለም። በጣሊያን የሊጉሪያ አካባቢ የሚዘጋጀው ፋሪናታም የሽምብራ ዱቄት በውኃና በዘይት ቀጥኖ በትሪ ላይ ፈስሶ የሚጋገር ነው። ሁለቱም ግሉተን የሌለው ሊጥ እንዲለጠጥ አይጠበቅበትም።

አዘገጃጀት

ባቄላው በመጀመሪያ ተለቅሞ ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላም ለሽሮ እንደሚደረገው ታምሶ ይከካል፣ ገለባው ይበጠራል፣ ልሞ ይፈጫል። ማመሱ ለጣዕም ብቻ የሚደረግ አይደለም። በጥሬው ባቄላ ውስጥ ያለው ሊፖክሲጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም ቅባቱን አበላሽቶ የጥሬ ባቄላ ሽታ ያመጣል፤ እሳቱ ይህን ኢንዛይም ያከሽፋል። ዳቦ ጋጋሪዎች የጥሬ ባቄላ ዱቄት ከ2 በመቶ በማይበልጥ መጠን ዳቦን ለማንጣት መጠቀማቸው ይታወቃል፤ በብዛት ሲገባ ግን ያው ኢንዛይም ጠንቅ ይሆናል።

ለአራት ሰው የሚሆን ሊጥ 400 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም የባቄላ ዱቄት፣ 320 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ፣ 8 ግራም ጨው፣ 3 ግራም ደረቅ እርሾና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል። የስንዴው ዱቄት አስቀድሞ በአብዛኛው ውኃና በእርሾው ተቦክቶ 20 ደቂቃ ሲያርፍ መረቡ ይጠነክራል፤ ከዚያ የባቄላው ዱቄት፣ ጨውና ዘይቱ ከቀረው ውኃ ጋር ገብተው ይታሻል። የጥራጥሬ ዱቄት ውኃ ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ፣ መጀመሪያ የላላ የሚመስለው ሊጥ ቆይቶ ይጠብቃል። በሳንጃ ሙቀት እርሾው ስለሚፈጥን ሊጡ ከልክ በላይ ቦክቶ እንዳይኮመጥጥና እንዳይወድቅ በቀዝቃዛ ውኃ ማቡካት፣ እርሾውን መቀነስና ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ጥላ ውስጥ ማኖር ይገባል። ምድጃ በሌለበት ቤት ሊጡ ሳስቶ ተዳምጦ በሞቀ ምጣድ ላይ በአክንባሎ ተከድኖ ይጋገራል፤ አንዱ ገጹ ሲበስል ተገልብጦ አትክልቱ ከላይ ይደረግና እንደገና ይከደናል።

የጥራጥሬው ምርጫ

«ጥራጥሬ» የሚለው የወል ስም እኩል ጠባይ የሌላቸውን እህሎች በአንድ ላይ ይጠራል። ቦሎቄ፣ በተለይም ቀዩ፣ በጥሬው ሌክቲን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን ስላለው ተዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ፣ በሚንተከተክ ውኃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መቀቀል አለበት። ለብ ባለ ሙቀት ማቆየት መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ ቦሎቄ ወደ ሊጥ የሚገባው በዱቄት መልክ ሳይሆን ተቀቅሎና ተፈጭቶ ነው፤ የያዘው ውኃም ከሊጡ ውኃ ላይ ይቀነሳል።

ባቄላ ለአብዛኛው ሰው ጤናማ ምግብ ቢሆንም ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ቀይ የደም ሕዋሳት በባቄላ ሳቢያ ሊፈርሱ ይችላሉ። ይህ ጉድለት በዓለም ላይ በይበልጥ የሚታየው ወባ ለረጅም ዘመን በቆየባቸው ሥፍራዎች በመሆኑ በቆላ አገር ሊዘነጋ አይገባም። ችግሩ እንዳለባቸው የሚያውቁ ሰዎች በባቄላው ፈንታ ሽምብራ መጠቀም ይችላሉ።

ብርቱው ጥንቃቄ በጓያ ላይ ነው። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋምና ዋጋው ስለሚረክስ በችግር ዘመን የድኻ መሸሸጊያ ሆኖ ኖሯል፤ ይሁንና ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ በውስጡ ያለው ቤታ ኦዳፕ የተባለ መርዝ የማይድን የእግር ሽባነት ያስከትላል። ከተፈጨ በኋላ ከሌላው የጥራጥሬ ዱቄት በዓይን መለየት አዳጋች ስለሆነ፣ ለሊጥ የሚሆነውን እህል ሳይፈጭ ገዝቶ በቤት መልቀም ከሁሉ የሚሻል ጥበቃ ነው።

ማጠቃለያ

የጥራጥሬ ሊጥ የጾም ፒዛን የፕሮቲን ክፍተት ያጠባል፤ ውጤቱ የሚወሰነው ግን በእህሉ ምርጫ፣ በእሳትና በመጠን ነው። ሦስቱም የሽሮ ባለሙያ እናቶች ሲለቅሙ፣ ሲያምሱና ሲመጥኑ የሚተገብሯቸው ናቸው። የምግብ ሳይንስ ተመራማሪ ይህን ዕውቀት መነሻ አድርጎ በአካባቢው ዱቄትና በአካባቢው ምጣድ የትኛው ድርሻ የተሻለ እንደሚሆን በልኬት ቢያረጋግጥ፣ ፍሬው ከፒዛ አልፎ በየቀኑ ለሚጋገረው ዳቦና ቂጣ ይተርፋል።