ያስገቡት መረጃ ወዲያውኑ የማይታይበት ምክንያት

በኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ማመልከቻ ያስገቡ ወይም የአገልግሎት ክፍያ የፈጸሙ ተገልጋዮች ገጹን መልሰው ሲከፍቱ «ክፍያ አልተፈጸመም» የሚል መልእክት የሚያገኙበት አጋጣሚ አለ። መልእክቱ ክፍያው መጥፋቱን ላያመለክት ይችላል። ይሁንና ይህን ያዩ ተገልጋይ ሁለተኛ ጊዜ ሊከፍሉ ስለሚችሉ አሠራሩን ማብራራት አስፈላጊ ሆኗል።

ብዙ ተጠቃሚ ያላቸው ሥርዓቶች መረጃን በአንድ የመረጃ ቋት ብቻ አያስቀምጡም። አዲስ መረጃ የሚመዘገበው በዋናው ቋት ሲሆን፣ «ማመልከቻዬ የት ደረሰ?» ለሚለው ዓይነት ጥያቄ መልስ የሚሰጡት በአብዛኛው ቅጂዎቹ ናቸው። ዋናው ቋት እያንዳንዱን ለውጥ በቅደም ተከተል ይመዘግባል፤ ቅጂዎቹም መዝገቡን እየተከተሉ ይገለብጣሉ። ደብዳቤ ወጪ ሆኖ ግልባጩ ለሚመለከተው ክፍል እስኪደርስ ጊዜ እንደሚወስድ ሁሉ፣ እዚህም መዘግየት አለ። በመደበኛ ሁኔታ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ የሥራ ጫና ሲበዛ ወይም ኔትወርክ ሲዳከም ግን ደቂቃዎች ሊደርስ ይችላል። (ገጹን ደጋግሞ መክፈት ቅጂውን አያፈጥነውም፤ እንዲያውም ሥራ ይጨምርበታል።)

አንዳንድ ሥርዓቶች ከእያንዳንዱ ምዝገባ በኋላ የተወሰነ ሰከንድ ብቻ እንዲጠብቁ ይደረጋል። ይህ ግምት ነው፤ አንድ ጊዜ ይበዛል፣ ሌላ ጊዜ ያንሳል። የተሻለው አሠራር በመዝገቡ ውስጥ ለእያንዳንዱ ለውጥ በሚሰጠው መለያ ቁጥር መጠቀም ነው። ተገልጋዩ ክፍያ ሲፈጽሙ ሥርዓቱ የለውጡን ቁጥር ይይዛል፤ ቀጥሎ መረጃ ሲጠይቁም ቅጂው እዚያ ቁጥር ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ለዚህ የሚያገለግል ትእዛዝ አለው፤ የጥበቃውንም የጊዜ ገደብ መወሰን ይቻላል። ገደቡ ካለፈ ጥያቄው ወደ ዋናው ቋት መመራት ይኖርበታል። ያልደረሰን መረጃ «የለም» ብሎ መመለስ ተገቢ አይደለም።

ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 9.6 እትም ጀምሮ ቅጂው ለውጡን እስኪተገብር ድረስ «ተመዝግቧል» የሚለውን ማረጋገጫ ማቆየት ያስችላል። ይህ አስተማማኝ ቢሆንም እያንዳንዱን ምዝገባ ያዘገያል፤ ቅጂው ሥራ ሲያቆምም ምዝገባው አብሮ ሊቆም ይችላል።

የመለያ ቁጥሩ አሠራር አንድ ክፍተት አለው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ክፍያው ከተፈጸመበት መሣሪያ ጋር ተያይዞ ነው። በስልክ ከፍለው ወዲያውኑ ወደ መስኮት ቢቀርቡ የባለሙያው ኮምፒውተር ቁጥሩን ስለማያውቅ ሳይጠብቅ የቆየውን መረጃ ሊያሳይ ይችላል። በመሆኑም የክፍያ ማረጋገጫ ቁጥርዎን ይያዙ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ያረጋግጡ፤ ክፍያውን አይድገሙ። ልዩነቱ ከቀጠለም ማረጋገጫውን በማቅረብ መረጃው ከዋናው ቋት እንዲጣራልዎ ይጠይቁ።